ድርብ ጨረታ ምንድን ነው?

ጨረታ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ሻጭና የተሰለፉ ተጫራቾችን ነው። በድርብ ጨረታ ግን ሻጮቹም ብዙ ናቸው፤ ሁለቱም ወገን ዋጋ ያቀርባል። ከጣሪያቸው ሶላር የተረፈውን መብራት ለጎረቤት መሸጥ ለሚፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ይህ ዘዴ ነው። በስዊዘርላንዷ ቫለንሽታት እ.ኤ.አ. በ2019 ኮምፒውተር በየ15 ደቂቃው እያጫረተ ጎረቤታሞችን አገበያይቷል።

ነገሩን ወደ ባሕር ዳር እናምጣው። ጣና ዳር ባለ አንድ ሰፈር ሦስት ቤቶች እኩለ ቀን ላይ አንድ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተርፏቸዋል እንበል። ቢያንስ 2፣ 3 እና 5 ብር ይፈልጋሉ። በገዥዎች በኩል ወፍጮ ቤቱ እስከ 8፣ የዓሣ ነጋዴዋ ለማቀዝቀዣዋ እስከ 6፣ ፀጉር ቤቱ እስከ 4 ብር ይከፍላሉ። 8 ከ2፣ 6 ከ3 ይገናኛሉ። ፀጉር ቤቱና 5 ብር ባዩ ግን አይስማሙም፤ ለዚያ ሰዓት ይቀራሉ።

እስከዚህ ቀላል ነው። ጭንቁ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ሁሉም ያቀረበውን ይክፈል ከተባለ ወፍጮ ቤቱ 8 ብር ይከፍላል፤ ነገ 8 እንደማይል ግን የታወቀ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይስ የልቡን ዋጋ በመጀመሪያ ቃሉ የሚናገር ማን አለ? ሁሉም ሲደብቅ መገናኘት የነበረባቸው ይተላለፋሉ።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ፕሬስተን ማክአፊ እ.ኤ.አ. በ1992 ብልህ መላ አቀረበ፦ ዋጋውን ያልተገበያዩት ይወስኑት። የፀጉር ቤቱ 4 እና የሻጩ 5 አማካይ 4.50 ነው። ይህ በመጨረሻው ጥንድ ዋጋዎች፣ ማለትም በ3 እና በ6 መካከል ስለሚያርፍ ሁለቱም ጥንዶች በ4.50 ይገበያያሉ። ወፍጮ ቤቱ 8 አለ 7 አለ ክፍያው አይለወጥም፤ መዋሸት ምንም አይፈይድለትም። አማካዩ ከዚያ ክልል ቢወጣ ግን የመጨረሻው ጥንድ ይሰረዛል፣ አንድ ጠቃሚ ግብይትም ይቀራል። ለእውነተኛነት የሚከፈል ዋጋ ነው፤ እኔ ብሆን እከፍለዋለሁ።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ደንቡ እያንዳንዱን ለብቻው እንጂ የተመካከሩትን አይገታም። 5 ብር ባዩ ሻጭ የ2 ብሩ ሻጭ አጎት ቢሆንና 7 ብር ብሎ ቢያቀርብ፣ ዋጋው ወደ 5.50 ይወጣል። አጎትየው ድሮም አይሸጥም ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ግን 1 ብር ይጨመርለታል። ሁሉም በሚዛመድበት ሰፈር ደግሞ አጎት አይጠፋም።