እንስሳት በሕክምና፣ በትምህርትና በማገገሚያ ስፍራ፦ የሰሜን ሸዋ መልክ

በእንስሳት የታገዘ ሕክምና የሚባለው ፈረስ፣ በግ፣ ውሻ ወይም ሌላ ለማዳ እንስሳ በሠለጠነ ባለሙያ መሪነት ለአንድ ሰው ጤና ወይም ማገገም እንዲያግዝ የሚደረግበት አሠራር ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ግብ ያወጣል፤ የታካሚውንም ለውጥ እየተከታተለ ይመዘግባል። መሪው መምህር፣ ግቡም ንባብ ወይም ሒሳብ ከሆነ በእንስሳት የታገዘ ትምህርት ይሆናል። እንስሳ ይዞ ሕሙማንንና አረጋውያንን መጠየቅ ደግሞ ደግ ሥራ ነው፤ ሕክምና ግን አይባልም። የሰውና የእንስሳት ግንኙነት ድርጅቶች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥቶ በ2018 ያሻሻለው ሰነድ ይህን ልዩነት ያስቀመጠ ሲሆን፣ የእንስሳው ደኅንነትም ከሰውየው ጥቅም ጋር አብሮ እንዲጠበቅ ያዛል።

ሐሳቡ የዛሬ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1796 የተከፈተው የአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ በግቢው ዶሮና ጥንቸል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቦሪስ ሌቪንሰን፣ ሰው የማይቀርብ አንድ ልጅ ከእሱ ይልቅ ጂንግልስ ወደተባለው ውሻው ሲጠጋ አይቶ ነገሩን በጽሑፍ አወጣው። ከዚያ ቀደም ሲል ዴንማርካዊቷ ሊዝ ሃርቴል እ.ኤ.አ. በ1944 ፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ አድርጓት ሳለ በ1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሎምፒክ በፈረስ ውድድር የብር ሜዳሊያ ወስዳለች። ፈረስ ለማገገሚያ መዋሉ በአውሮፓ የታወቀው በእሷ ምክንያት ነው ማለት ይቻላል።

ሰሜን ሸዋ ስንል እዚህ በአማራ ክልል ያለውን፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ደብረ ብርሃንን ዋና ከተማው ያደረገውን ዞን ማለታችን ነው። በዚህ አገር ሰውና እንስሳን ማገናኘት አያስፈልግም፤ ተገናኝተው ያደጉ ናቸው። ሕፃን ገና አፉን ሳይፈታ የበግ ድምፅ ይለያል። ግንኙነቱ ግን የሥራ ነው፦ አህያ ጭነት ይሸከማል፣ በሬ ያርሳል፣ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል። ስለዚህ የውጭ አገር መጽሐፍ «እንስሳውን ወደ ሰው እንዴት እናቅርበው?» ብሎ ሲጀምር፣ እዚህ መቅደም ያለበት ጥያቄ «እንስሳው ራሱ ደኅና ነው ወይ?» የሚለው ነው።

ከፈረስ እንጀምር። ፈረስ ሳይሶመስም ዝግ ብሎ ሲራመድ የጋላቢው ዳሌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይላል፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ በትንሹም ይዞራል። ሰው በእግሩ ሲሄድ ዳሌው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሴሬብራል ፖልሲ (በአንጎል ጉዳት የተነሣ እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር) ያለበትና ቆሞ ሄዶ የማያውቅ ልጅ የእርምጃን ምት በፈረሱ ጀርባ ላይ ያገኘዋል፤ ወገቡ ሳያውቀው ሚዛን መጠበቅ ይለምዳል። አንድ ሰው ፈረሱን ይስባል፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው ልጁን ይደግፋሉ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ አቀማመጡን ያያል። ቆይታው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ 45 ደቂቃ ነው። ጥናቶች በሚዛንና በአቀማመጥ ረገድ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት አሳይተዋል፤ በኦቲዝም ላይ የተደረጉት ግን ብዙዎቹ በጥቂት ልጆች ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ለወላጅ ትልቅ ተስፋ መስጠት ነውር ነው።

እዚህ አንድ ፈተና አለ። በርካሽ የሚገኘው ፈረስ ከጋሪ የወጣው ነው፤ ልጓም የአፉን ጠርዝ አቁስሎታል፣ ጀርባው ገጣባ ነው። እንዲህ ያለውን ፈረስ «ረጋ ያለ ነው» ብሎ ለታካሚ ልጅ ማቅረብ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ረጋ ያለው ደክሞ ወይም አሞት ሊሆን ይችላል። ደኅና ፈረስ ጆሮው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ሰው ሲመጣ ዞር ብሎ ያያል። ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ፣ ጅራቱን ደጋግሞ ካወናጨፈ፣ ኮርቻ ሲጫንበት ለመንከስ ከዞረ «አልፈልግም» እያለ ነው፤ ያን ቀን ሥራው ይቀራል። የጋላቢውም ክብደት ከኮርቻው ጋር ከፈረሱ ክብደት አንድ አምስተኛ እንዳያልፍ ብዙዎች ይመክራሉ። የደጋው ፈረስ ትንሽ ስለሆነ ይህ ለልጅ እንጂ ለአዋቂ አይበቃም። መወጣጫ መሥራትም ይገባል፤ በእርካብ እየተንጠለጠሉ መውጣት ጀርባውን ይጎዳል።

በግ ሌላ ጠባይ አላት። የመንዝ በግ ውርጭ የለመደች፣ ላቷ ወፍራም፣ ጸጉሯ ሸካራ ናት፤ ባናውና ዝተቱ የሚሠራው ከዚሁ ጸጉር ነው። ገራም ስለሆነች ለሕፃናት የምትመች ይመስላል። ነገር ግን አንዷን ከመንጋው ነጥለው ወደ ክፍል ያስገቧትን በግ አስተውሏት፦ ማመስኳቷን ታቆማለች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ በሩን ታያለች፣ ሳታቋርጥ ትጮኻለች፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። ልጁ እየደባበሳት ደስ ሊለው ይችላል፤ እሷ ግን ፈርታለች። ስለዚህ በግን ወደ ሕመምተኛው ከመውሰድ ሕመምተኛውን ወደ መንጋው መውሰድ ይሻላል። ልጁ ሣር ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፣ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ የፈለገችው ትመጣለች፣ ያልፈለገችው ትሄዳለች። ተኝታ ማመስኳት ስትጀምር ተረጋግታለች ማለት ነው። ያን መጠበቁ ራሱ ለሚቸኩል ልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ሒሳብም በዚያው አለ፤ ጠዋት ስንት ወጡ፣ ማታ ስንት ገቡ። በስትሮክ እጁ ለደከመ አዋቂ ደግሞ ጸጉሩን ማፍተልተልና በእንዝርት መፍተል የጣት ሥራ ይሆነዋል፤ ለዚያ በጓ መኖሯም አያስፈልግም።

ሁሉም ልጅ ግን በበግ አይደሰትም። ለእረኝነት ሲባል ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ዘንድ በግ ማለት ያመለጠው ክፍል ነው። መጠየቅ ይቀድማል።

ስለ ውሻ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በውጭ አገር የሕክምናው ዋና እንስሳ እሱ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ግን ደጅ ጠባቂ ነው፤ ቤት አይገባም። በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው ቆላ የሚኖረው ሙስሊምም ሆነ በደጋው ያለው ክርስቲያን ከንጽሕና ሥርዓቱ የተነሣ አይነካውም ይሆናል፤ ይህን ማክበር የግድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታም ቀላል ነገር አይደለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የነከሰውን ቦታ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብና ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ያልተከተበ ውሻ ለዚህ ሥራ ከቶ አይታሰብም። በግና ፍየልም ቢሆኑ ቆረቆርና ብሩሴሎሲስን (በሰው ላይ ትኩሳት የሚያስከትል የከብት በሽታ) የመሳሰሉ በሽታዎች ስለሚያስተላልፉ የእንስሳት ሐኪም ሳያያቸው መቅረብ የለባቸውም፤ ከነካኩ በኋላም እጅ መታጠብ ግዴታ ነው።

የዱር አራዊት ፈጽሞ በዚህ ውስጥ አይገቡም። ከላይ የጠቀስነው ሰነድም ከእነሱ ጋር ንክኪ ይከለክላል፤ በሚኖሩበት ዱር እንዳሉ በርቀት ማየት ግን ይፈቀዳል። ለዚህ ሰሜን ሸዋ የታደለ ነው። ከ3,200 ሜትር በላይ ባለው የመንዝ ጓሳ ሕዝቡ ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው ሜዳ አለ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ተማሪዎችን ወስዶ ጭላዳዎች ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ በዝምታ ማሳየት ደኅና ትምህርት ነው። ዳቦ መወርወር ግን ትምህርቱን ያበላሻል፤ ጭላዳው ሰው ማሳደድ ይለምዳል።

በውጭ መመሪያዎች እምብዛም የማይነሣ፣ እዚህ ግን ከመጀመሪያው ቀን መልስ የሚያሻው ነገር ፋሲካ ነው። ልጁ ስም ያወጣለት፣ በእጁ የመገበው ጠቦት ከሁዳዴ በኋላ ምን ይሆናል? ሙክት ከሆነ ቤተሰቡ ዋጋውን ያውቃል። ታርዶ ሲገኝ ልጁ ያገገመውን ያህል ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለመራቢያ የምትቀመጥ ሴት በግ ይመረጣል፤ ከባለቤቱም ጋር ሳትሸጥና ሳትታረድ እንድትቆይ በጽሑፍ ይዋዋላሉ፤ ስታረጅ የት እንደምትውልና ማን እንደሚያበላትም እዚያው ወረቀት ላይ ይሰፍራል።