አልትራቡክ ምንድን ነው? መንገደኛ ከመግዛቱ በፊት ሊያመዛዝነው የሚገባ

አልትራቡክ የሚለውን ስም ያወጣው ኢንቴል ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2011 ታይፔ በተካሄደው የኮምፒዩቴክስ ኤግዚቢሽን ሲያስተዋውቀው፣ ውፍረቱ ከ20 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ፣ ባትሪው ብዙ ሰዓት የሚቆይና ሲከፈት ቶሎ የሚነሳ ላፕቶፕ ማለቱ ነበር። ኋላ ላይ ስክሪናቸው ከ14 ኢንች ለሚያንሱት ገደቡን ወደ 18 ሚሊ ሜትር አወረደው። ዛሬ መስፈርቱ ተረስቶ ስሙ ብቻ ስለቀረ ስስ የሆነ ላፕቶፕ ሁሉ አልትራቡክ ይባላል። አሁን ደግሞ 18 ሚሊ ሜትር ራሱ ወፍራም መስሎ ይታያል፤ የ2022ቱ ማክቡክ ኤር 11.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

ገዢዎች ብዙ ጊዜ ስስነትንና ቅለትን ያምታታሉ። መንገደኛ ትከሻው ላይ የሚሰማው ግራሙ እንጂ ሚሊ ሜትሩ አይደለም። የ2021ዱ ኤልጂ ግራም 17 ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ስክሪኑ 17 ኢንች፣ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ግን 1.35 ኪሎ ነው። ባለ 13.6 ኢንቹ የ2022 ማክቡክ ኤር 1.24 ኪሎ ይመዝናል። የ110 ግራም ልዩነት እጅ ላይ እምብዛም አይታወቅም። የባትሪያቸው ልዩነት ግን ትልቅ ነው፤ በዋት አወር (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ኤልጂው 80፣ ማክቡኩ 52.6 ይይዛል። በእርግጥ የኤልጂው ማግኒዚየም አካል ሲጫኑት ትንሽ ይጎብጣል፣ የማክቡኩ አልሙኒየም ደግሞ ጠንካራ ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሲያወዳድሩ ላፕቶፑን ብቻ አይመዝኑ። ቻርጀሩን፣ ገመዱን፣ የፖርት (የገመድ መሰኪያ) ማስፋፊያውንና ፓወር ባንኩን አንድ ላይ ሚዛን ላይ ያስቀምጡ። 1 ኪሎ ተብሎ የተገዛ ላፕቶፕ ጓዙ ሲደመርበት ከወፍራሙ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል።

ስስነት ዋና ዋጋውን የሚያስከፍለው በሙቀት ነው። ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ያ ሙቀት መውጫ ካላገኘ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። 15 ዋት ተብሎ የተሸጠ የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሥራ ሲጀምር ለግማሽ ደቂቃ ያህል ከዚያ እጥፍ በላይ ሊስብ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቆየው አካሉ በሚችለው መጠን ነው። ሱቅ ውስጥ የምናየው ፍጥነት የዚያች ግማሽ ደቂቃ ፍጥነት ነው። ፋን የሌላቸው ሞዴሎች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይበልጥ ይወርዳሉ። ለሚጽፍ፣ ኢሜይል ለሚያይና በቪዲዮ ስብሰባ ለሚሳተፍ ሰው ይህ አይታወቅም። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም ትልልቅ የኢንጂነሪንግ ሥዕሎች ለሚከፍት ግን ሥራው በእጥፍ ሊረዝም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው 300 ግራም ጨምሮ ፋን ያለውና 17 ወይም 18 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቢገዛ ይሻለዋል።

ከፍታም ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሯ ጥግግት ከባህር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፋኑ ያው ዙር ቢዞርም አየሩ ስለሳሳ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ ከተማዋ ቀዝቀዝ ያለች መሆኗ ጉዳቱን በከፊል ያካክሰዋል። በባህረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። አፕል ማክቡክን ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ሙቀት እንዲሠራ ነው የሚመክረው፤ ዱባይና ሪያድ ግን በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋሉ። መኪና ውስጥ ተትቶ የጋለን ላፕቶፕ ቻርጅ ላይ መሰካት ባትሪውን ያስረጃል፤ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይቀዝቅዝ። አልጋና ብርድ ልብስ ላይ መሥራትም የሆዱን የአየር ማስገቢያ ይደፍናል።

ከመግዛትዎ በፊት መሞከሪያው ቀላል ነው። ሲኒቤንች አር23 የተባለው ነጻ ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን አንድ ዙር ብቻም፣ 10 ደቂቃ ሳያቋርጥም ያሠራዋል። ሁለቱን ውጤቶች ያስተያዩ። የ10 ደቂቃው ውጤት በጥቂቱ ካነሰ ጤናማ ነው፤ ሩቡን ያህል ከወረደ አካሉ ፕሮሰሰሩን መሸከም አልቻለም ማለት ነው።

ባትሪን በተመለከተ ማስታወቂያ ላይ ያለውን ሰዓት ሳይሆን ዋት አወሩን ይዩ። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰዓት የሚለካው ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ቪዲዮ ብቻ ሲታይ ነው። የራስዎን ለማግኘት ዋት አወሩን ላፕቶፑ በአማካይ ለሚስበው ዋት ያካፍሉ፤ 52 ዋት አወር ያለው ላፕቶፕ በአማካይ 8 ዋት ቢስብ 6 ሰዓት ተኩል ይቆያል። አውሮፕላን ላይም የሚቆጠረው ይኸው ቁጥር ነው። እስከ 100 ዋት አወር ያለው ባትሪ ያለ ፈቃድ ያልፋል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ ያለው በመንገደኛ ሻንጣ አይሄድም። ፓወር ባንክ እንደ ትርፍ ባትሪ ስለሚቆጠር በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ሚሊ አምፒር አወር ብቻ ከሆነ በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፤ 20,000 የሚለው 74 ዋት አወር ይሆናል። ስስ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ይህን መጨመሩ ስለማይቀር ክብደቱን ከመጀመሪያው ያስቡበት።

ፖርቶች የሚጠፉት ቦታ ስለማይበቃቸው ነው። ለምሳሌ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ለስስ አካል የሚከብድ ቁመት ይፈልጋል። የስልጠና አዳራሽ ፕሮጀክተር አሁንም ኤችዲኤምአይ ወይም ቪጂኤ የተባለውን የምስል ገመድ ስለሚጠይቅ ሁለት ዩኤስቢ ሲ ብቻ ያለው ላፕቶፕ ማስፋፊያ ማስያዙ አይቀርም። ማስፋፊያው ቻርጅ የሚያሳልፍ ዓይነት መሆን አለበት፤ እሱም ለራሱ ጥቂት ዋት ስለሚወስድ ለ65 ዋት ላፕቶፕ ከፍ ያለ ቻርጀር ይያዙ።

ኪቦርዱም ይሳሳል። አፕል በ2015 ባወጣው 13.1 ሚሊ ሜትር ማክቡክ ላይ የተጠቀመበት የቁልፍ አሠራር በአቧራ ቅንጣት ይያዝ ስለነበር ኩባንያው በ2018 ነጻ የጥገና ፕሮግራም ከፈተ፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮም ወደ ቀድሞው አሠራር ተመለሰ።

ጥገናን በተመለከተ መፍትሔው ሲገዙ ነው ያለው። በአብዛኞቹ ስስ ላፕቶፖች ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ፣ ላይ ተበይዷል፤ በኋላ አይጨመርም። 8 ጊጋባይት ይበቃኛል ብሎ መግዛት ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ላፕቶፕ መግዛት ሊሆን ይችላል፤ 16 ይምረጡ። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ የባትሪውን ሪፖርት አውጥተው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን ሙሉ ሲሆን የሚይዘውን ያወዳድሩ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያ ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ፤ ባትሪው ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ ስለሚያያዝ ሥራው ቀላል አይደለም።

ስስ አካል ውስጥ ባትሪ ሲያብጥ የሚሸሽበት ክፍተት የለውም፤ መጀመሪያ የሚታየው ተችፓዱ ከፍ ሲል ወይም አልጫን ሲል ነው። ይህን ካዩ ቻርጅ ማድረግዎን ያቁሙ፣ በጉልበት አይጫኑት፣ አውሮፕላን ላይም ይዘውት አይውጡ። ስክሪኑም የሚሰበረው በመውደቅ ብቻ አይደለም፤ በተጠቀጠቀ ሻንጣ ውስጥ ቻርጀር ክዳኑ ላይ ሲጫን ይሰነጠቃል። አፕል በ2020 ማክቡክን የካሜራ መሸፈኛ ተለጥፎበት መዝጋት ስክሪኑን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል፤ በክዳኑና በኪቦርዱ መካከል ያለው ክፍተት ያን ያህል ጠባብ ነው። ላፕቶፑን ጀርባ በሚያርፍበት በኩል ለብቻው፣ ቻርጀሩንና ማስፋፊያውን በሌላ ኪስ ያስቀምጡ።