የተዋናይ ካምባክ ምንድን ነው? ኪፈር ሰዘርላንድና «24»

አንድ ተዋናይ ካምባክ አደረገ የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። መጀመሪያ ስም ነበረው፣ ቀጥሎ ገበያው ራቀው፣ በመጨረሻም በአንድ ሥራ ተመልሶ ከቀድሞው ባላነሰ ቦታ ላይ ቆመ። መሃለኛው ከሌለ ካምባክ የለም። ሁለት ዓመት አርፎ በአዲስ ፊልም ብቅ ያለውን ሁሉ «ተመለሰ» የሚሉት የማስታወቂያ ሰዎች ናቸው። በቴሌቪዥን አክሽን ድራማ ከመጡት ካምባኮች ደግሞ የኪፈር ሰዘርላንድን ያህል ውስጡ ጥርት ብሎ የሚታይ የለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሰዘርላንድ የዝነኛው ተዋናይ የዶናልድ ሰዘርላንድ ልጅ ነው፤ በ1966 ለንደን ተወለደ። በ«ስታንድ ባይ ሚ» (1986) ሕፃናቱን የሚያስፈራራ ጎረምሳ፣ በ«ዘ ሎስት ቦይስ» (1987) የቫምፓየሮች አለቃ፣ በ«ኤ ፊው ጉድ ሜን» (1992) ግትር የማሪን መኮንን ሆኖ ተውኗል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ትልልቆቹ መሪ ገጸ ባሕርያት ለሌሎች ይሰጡ ጀመር። ሥራ ጨርሶ ባያጣም ልቡ ወደ ከብት እርባታው አደላ፤ ፈረስ ላይ ሆኖ ወይፈን በገመድ በመያዝ የሮዲዮ ውድድር ውስጥ ይገባ ነበር። የአሜሪካው የፎክስ ጣቢያ ድራማ በሆነው «24» የፀረ ሽብር ወኪሉን ጃክ ባወርን ሆኖ መተወን ሲጀምር 34 ዓመቱ ነው። አንጋፋነት በዕድሜ ሳይሆን በካሜራ ፊት ባለፈ ጊዜ ከተለካ፣ ያኔም 17 ዓመት ሠርቷል።

እዚህ ላይ የገበያውን ስሌት ማየት ያስፈልጋል። በ2001 የሆሊውድ የፊልም ተዋናይ ወደ ቴሌቪዥን ሲሄድ «ወረደ» ይባል ነበር። ለጣቢያው ግን ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው፤ ተመልካች በመልኩ የሚያውቀው፣ ዋጋው ግን የቀነሰ ሰው ማለት ትርፍ ነው። ፎክስም ጠንቃቃ ነበር። ፓይለቱን (የሙከራውን ክፍል) አይቶ ያዘዘው 24 ክፍል ሳይሆን 13 ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ሲዝን ያየ ሰው 13ኛው ክፍል ላይ ታሪኩ ሊያልቅ ደርሶ እንደገና ሲቀጣጠል ያስታውሳል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። የቀረው ባይታዘዝ እዚያው መዝጋት እንዲቻል ተደርጎ ተጽፏል።

ታሪኩ በእውነተኛው ሰዓት ልክ እንዲሄድ የመረጡት የድራማው ፈጣሪዎች ጆኤል ሰርኖውና ሮበርት ኮክራን ናቸው። አንድ ክፍል አንድ ሰዓት፣ አንድ ሲዝን አንድ ቀን። ድራማው ራሱ 42 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የቀረውን ማስታወቂያ ይወስደዋል። ማስታወቂያ ሲገባ ግን የታሪኩ ሰዓት አይቆምም፤ ተመልሰን ስንመጣ አራትና አምስት ደቂቃ አልፏል። ጃክ ባወር መቼ በልቶ መቼ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ለሚጠይቁ ቀልደኞች መልሱ እዚያ ነው። ማስታወቂያ ሊገባ ሲል ስክሪኑ አራት ቦታ ይከፈላል፤ በአንዱ ባወር፣ በሌላው ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሴናተር ፓልመር፣ በሌላው ጠላት። ከዚያ ጥቁሩ ላይ ቢጫ አሃዞች፣ ልብ የሚመታ የሚመስል የሰዓት ድምፅ። የመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ ላይ የባወር ሚስት ስትገደል አሃዞቹ ያለ ድምፅ ቆጠሩ። ሚስቲቱ የምትተርፍበት ሌላ መጨረሻም ተቀርጾ ነበር፤ አለመመረጡ ነው ድራማውን ከተራ አክሽን የለየው። በእኛ የቪዲዮ ቤት ቋንቋ «አክተሩ አይሞትም»፤ እዚህም አልሞተም፣ ግን ከሚወዳቸው ብዙዎቹ ይሞታሉ።

ይህ አሠራር ተዋናዩን በጣም ይፈትናል። ታሪኩ «ከሦስት ቀን በኋላ» ብሎ መዝለል ስለማይችል ድካሙ፣ ሐዘኑ፣ ንዴቱ ሁሉ ፊት ላይ መከማቸት አለበት። ደግሞም «24»ን ፍንዳታውን ትተው ካዩት፣ አብዛኛው አንድ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ስልክ ሲያወራ ነው። ሰዘርላንድ ያን በሻከረ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይዞት ሄደ። ከሁሉ በላይ የረዳው ግን የድሮ ሥራው ነው ብንል አንሳሳትም። ለዓመታት ክፉ ሰው ሲሆን ያየነው ፊት ስለሆነ፣ ባወር ሽጉጥ ደግኖ «ንገረኝ!» ሲል እንደማይምር እናምናለን። ንጹሕ የጀግና መልክ ያለው ተዋናይ ቢይዘው ይህን እምነት ከዜሮ መገንባት ነበረበት።

ጊዜውም ድርሻ ነበረው። ፓይለቱ የተቀረጸው ከሴፕቴምበር 11ዱ የአሜሪካ የሽብር ጥቃት በፊት ሲሆን፣ ውስጡ የመንገደኞች አውሮፕላን የሚፈነዳበት ትዕይንት ነበር። ፍንዳታው ተቆርጦ፣ ሥርጭቱ በአንድ ሳምንት ተገፍቶ ኖቬምበር 6 ቀን 2001 ወጣ። መጀመሪያ ላይ የተመልካቹ ቁጥር የሚያስፎክር አልነበረም። በጃንዋሪ 2002 ሰዘርላንድ የጎልደን ግሎብ ሽልማት ሲያሸንፍ ወሬው ተዛመተ፤ ከሁለተኛው ሲዝን ቀድሞ የወጣው ዲቪዲም ያመለጠውን ሰው አስከተለ። ተከታታይ ታሪክ መሃል ላይ ሲገቡበት አይያዝም፤ ሳምንታት እየተዘለለ ሲታይም ይበርዳል። ፎክስ ይህ ሲገባው ከአራተኛው ሲዝን (2005) ጀምሮ በጃንዋሪ ጀምሮ ሳያቋርጥ ማሳየት ያዘ። በ2006 በአምስተኛው ሲዝን ኤሚ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት መጣ። በዚያው ዓመት ለሦስት ተጨማሪ ሲዝን ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል መፈረሙ ተዘገበ። 72 ክፍል ነው፤ ሲካፈል ለአንዱ ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ይመጣል።

የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ሲዝኑ አንድ ቀን ነው፣ ቀረጻው ግን አብዛኛውን ዓመት ይበላል። ጠዋት የለበሰው ሸሚዝ እስከ ማታ ያው መሆን አለበት፤ ስለዚህ የአንድ ሸሚዝ ብዙ ቅጂ ይዘጋጃል፣ እንደ ቁስሉና እንደ አቧራው ደረጃ ይለያል፣ ፀጉርም ቶሎ ቶሎ ይስተካከላል። በዕድሜ ለገፋ ተዋናይ ይህ ኑሮ አደጋ ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ውድዋርድ በ1985 «ዘ ኢኳላይዘር» ላይ ጡረተኛ ሰላይ ሆኖ አሜሪካን ሲማርክ 55 ዓመቱ ነበር፤ እሱም የታወቀ ካምባክ ነው። በ1987 ልቡን ታመመ፤ አዘጋጆቹ ሪቻርድ ጆርዳንንና ሮበርት ሚቸምን አስገብተው ክፍተቱን ሸፈኑ። ድራማ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲቆም ሰውየው ከታመመ የሚሆነው ይህ ነው።

ሌላው ጣጣ ገጸ ባሕርዩ ተዋናዩን መዋጡ ነው። የባወር የምርመራ ስልት ማሰቃየት ስለነበር፣ በ2006 መጨረሻ የአሜሪካው የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ዲን ብርጋዴር ጄኔራል ፓትሪክ ፊኔጋን አዘጋጆቹን አግኝተው ወጣት ወታደሮችን እያሳሳተ ነው ብለው ወቀሱ። ስክሪፕቱን የሚጽፈው ሌላ ሆኖ ሳለ ስለ ማሰቃየት የሚጠየቀው ግን ሰዘርላንድ ሆነ። የማምረቻ ወጪው እየናረ ተመልካቹ ሲቀንስ ደግሞ በ2010 በስምንተኛው ሲዝን ተዘጋ፤ በ2014 ብቻ ለ12 ክፍል ተመለሰ።

እንግዲህ ካምባኩ የማን ነበር፣ የሰዓቱ ወይስ የሰውየው? ፎክስ በ2017 ያንኑ ሰዓት፣ ያንኑ የተከፈለ ስክሪን ይዞ «24፡ ሌጋሲ»ን በኮሪ ሃውኪንስ መሪነት አወጣ፤ 12 ክፍል ታይቶ በአንድ ሲዝን ቀረ። በእነዚያው ወራት ሰዘርላንድ በሌላው ጣቢያ በኤቢሲ ላይ በ«ዴዚግኔትድ ሰርቫይቨር» የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ይተውን ነበር።