ሪሚሽን ምንድን ነው?

ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ኃይል በስህተት የራሱን መገጣጠሚያዎች የሚያጠቃበት፣ በየሰፈሩ ግን ከሌላው ሕመም ጋር ተደባልቆ «ሪህ» ወይም «ቁርጥማት» የሚባል፣ አብሮ የሚኖር በሽታ ነው። ሐኪሞች «ሪሚሽን» የሚሉት በሽታው ጋብ ያለበትን ጊዜ ነው። ኮዬ ፈጬ አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር ጎረቤቴ «ዳንሽ ወይ?» ስትባል «ተኝቷል» ትላለች፤ ከዚህ የቀረበ ትርጉም አላገኘሁለትም።

ሐኪሙ ሪሚሽንን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በስፋት በሚሠራበት መስፈርት መሠረት፣ ከሚመረመሩት 28 መገጣጠሚያዎች ሲነካ የሚያመው ከአንድ፣ ያበጠውም ከአንድ መብለጥ የለበትም፤ በደም ውስጥ ብግነትን የሚያሳየው ሲአርፒም በዴሲሊትር ከ1 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። በተጨማሪም ታካሚው የበሽታውን ሁኔታ ከ0 እስከ 10 ራሱ ይመዝናል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የተፈቀደው እስከ 1 ነበር፣ በ2022 ወደ 2 ከፍ ብሏል።

በእነዚህ 28 ውስጥ የእጅ ጣቶች፣ የእጅ አንጓዎች፣ ክርኖች፣ ትከሻዎችና ጉልበቶች ሲቆጠሩ ቁርጭምጭሚትና የእግር ጣቶች አይቆጠሩም። ከታክሲ ወርዶ በኮብልስቶን ለሚሄድና ደረጃ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ጎረቤቴ ውጤቷ ጥሩ መሆኑ በተነገራት ቀን «እጄስ እሺ፣ እግሬን ማን ጠየቀው?» ብላኛለች።

የእርሷ መለኪያ ጠዋት ነው። ቀድሞ ጣቶቿ እስኪፍታቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አልጋ ላይ ትቆይ፣ እንጀራ ስትጋግርም የምጣዱን ክዳን ልጇ ያነሳላት ነበር። አሁን ክዳኑን ራሷ ታነሳለች፤ እንዲያውም ማንሳቷን ልብ አትልም፣ እኔም ከላብራቶሪው ወረቀት ይልቅ ይህን መዘንጋቷን አምናለሁ። ድካሙ ግን አልለቀቃትም፤ እብጠቱ ጠፍቶ ድካም የሚቀርባቸው ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ቀድሞ የተበላ አጥንትም በሪሚሽን ተመልሶ አይሞላም፤ ስለዚህ በሽታው ተኝቶም አሮጌው ጉዳት ሊያም ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መድኃኒቱ ላይ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ሕመሙን ሲያስታግስ «ድኛለሁ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም፣ የተኛውን መቀስቀስ ነው። ሪሚሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ ሲጸና ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ሊቀንስ ይችላል፤ ይህም በክትትል የሚደረግ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሕመሙ ያገረሻልና።