ኢ-ለርኒንግ ምንድን ነው? ፒዲኤፍ መላክ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተደረገ ውይይት ሳዳምጥ አንድ ተናጋሪ «ኢ-ለርኒንግን በኮሮና ጊዜ ሞክረነዋል፤ አልሠራም» አሉ። ማንም አልተቃወማቸውም። ይህን አባባል በስብሰባም፣ በሬዲዮም፣ በመምህራን ክበብም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አሁን ግን በዝምታ ማለፍ ከበደኝ።

መጋቢት 2012 ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የሆነውን እናስታውስ። ተማሪው ዶርሙን ለቆ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። መምህሩ በእጁ ያለውን ስላይድ ፒዲኤፍ አድርጎ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። «አንብቡ፤ አሳይመንት እስከ ዓርብ» የሚል መልእክት ተከተለ። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ጊዜው ጭንቅ ስለነበር ማንንም አልወቅስም። ግን ያ ኢ-ለርኒንግ አልነበረም። በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ሆጅስና አራት ባልደረቦቹ ለነገሩ ስም አወጡለት፦ የአደጋ ጊዜ የርቀት ማስተማር። የጥድፊያው ሥራ ከኦንላይን ትምህርት ጋር እንዳይምታታ፣ ሰውም በዚያ ፈርዶ እንዳይተወው ሰግተው ነበር። የፈሩት አልቀረም።

ታዲያ ኢ-ለርኒንግ ምንድን ነው? ተማሪው አንድ ነገር እንዲሠራ፣ ለሠራው ምላሽ እንዲያገኝ፣ ቀጣይ እርምጃውም ያንን ምላሽ እንዲከተል ታስቦ የተነደፈ ትምህርት ነው። ኮምፒውተሩና ስልኩ ማድረሻ ናቸው። ፋይል ይኖረዋል፤ ፋይሉ ግን ትምህርቱ አይደለም።

ቅኔ ቤትን አስቡ። ተማሪው ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ራሱ ይደርሳል። ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይነሳል። የቆጠረውን ይዞ ሄዶ ይነግራል። የኔታ ይሰማሉ፣ ይነቅፋሉ፣ ያርማሉ። ከእሳቸው በፊት ደግሞ በትምህርት የቀደመው አስነጋሪ ይሰማዋል። እንግዲህ የኔታ መጽሐፉን ለተማሪው አስረክበው «አንብብ፤ ሰኔ ላይ እመጣለሁ» ብለው ቢሄዱ፣ ያ ቅኔ ቤት ይባላል? መጽሐፉ እኮ አልጎደለም። የጎደለው መንገርና መታረም ነው።

የርቀት ትምህርት ተመራማሪው ማይክል ሙር እ.ኤ.አ. በ1989 ሦስት ዓይነት ግንኙነት ለይቶ ጽፏል፦ ተማሪው ከይዘቱ ጋር፣ ከመምህሩ ጋር፣ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር። ቅኔ ቤት ውስጥ ሦስቱም አሉ። ቴሌግራም ላይ በተለቀቀው ፒዲኤፍ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱም ፋይሉ ከተከፈተ ነው።

ምሳሌውን ትንሽ ልግፋው። የኔታ አንድ፣ ተማሪው 200 ቢሆንስ? ቴክኖሎጂው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሙድል በሚባለው የኦንላይን ማስተማሪያ ሲስተም ላይ የተቀመጠ ጥሩ ኩዊዝ አስነጋሪ ሊሆን ይችላል። ከማስተምረው ስታቲስቲክስ ልጥቀስ። የአምስት ሰዎች ደመወዝ 4,000፣ 5,000፣ 5,000፣ 6,000 እና 80,000 ብር ነው፤ የተለመደውን ደመወዝ የሚያሳየው ቁጥር የትኛው ነው? ብዙ ተማሪ አማካዩን አስልቶ 20,000 ይላል። ሲስተሙ «ተሳስተሃል» ብሎ ከተወው ምንም አላስተማረም። እኔ ያስቀመጥኩት ምላሽ «ከአምስቱ አራቱ ከ20,000 በታች ነው የሚያገኙት፤ ቁጥሩን ወደ ላይ የጎተተው ማን ነው?» ይላል። ተማሪው ተመልሶ ያያል። ከዚያ 5,000ን፣ ማለትም ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለውን ሚዲያን፣ ራሱ ያገኘዋል። ለ200 ተማሪ በዚያው ቅጽበት ይህን መመለስ እኔ አልችልም። የተማሪውን ድርሰት ወይም የምርምር ንድፍ ማረም ግን የዚህ አስነጋሪ ሥራ አይደለም፤ ያ የኔታ ዘንድ መቅረብ አለበት።

እንዲህ ዓይነት ተደጋጋሚ ጥያቄ የሚጠቅመው ውጤት ለመመዝገብ ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ካነበቡ በኋላ ያነበቡትን ራሳቸው አስታውሰው ለመጻፍ የሞከሩት ናቸው። ጥናቱ የተሠራው በአጫጭር ጽሑፎች ስለሆነ፣ ለካልኩለስ ስሌት እንዳለ ይሠራል ብዬ አልምልም።

«ቪዲዮ ቀርጸናል» የሚሉም አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ሌክቸር! ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት፣ ተመልካች ሳይሰለች የሚቆየው ከስድስት ደቂቃ በማይበልጡ ቪዲዮዎች ላይ መሆኑን አሳይቷል። የለካው መመልከትን እንጂ መማርን አይደለም። ቢሆንም ሰው ያላየው ቪዲዮ አያስተምርም።

ከ1997 ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ፕላዝማን ያውቃል። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል። የገባውም ያልገባውም ተማሪ የሚሰማው አንድ ነው። ስክሪን ስላለ ብቻ ኢ-ለርኒንግ የሚመስለን ካለን ይህን እናስብ። ከ2015 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ፈተና ነው፤ ኢ-ለርኒንግ አይደለም።

ተናጋሪው «ኢንተርኔቱስ?» ይሉኝ ይሆናል። ልክ ናቸው፤ ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል። ንድፍ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ትምህርቱ ሁሉ በቀጥታ ቪዲዮ መሆን የለበትም። ድምፅና ጥቂት ስላይድ ቀላል ፋይል ነው። በሙድል የስልክ መተግበሪያ ይዘቱን ካፌ ውስጥ ዋይፋይ ሲገኝ አውርዶ ቤት ገብቶ መማር ይቻላል። መምህሩ ከፈቀደ ኩዊዙም ያለ ኔትወርክ ተሠርቶ ኋላ ይላካል። የኬሚስትሪ ላብ ግን እጅ ይፈልጋል፤ እዚያ ላይ አልከራከርም።

የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። ተማሪዎቼ 20,000 ብለው እንደሚሳሳቱ ለማወቅ የሦስት ሴሚስተር የፈተና ወረቀት ወደኋላ ሄጄ አንብቤያለሁ። የአንድ ሳምንት ትምህርት በዚህ መልክ ለመንደፍ ብዙ ቀን ይፈጅብኛል። የማስተማር ሎድ (የሥራ ድርሻ) ሲደለደል ግን የሚቆጠርልኝ ክፍል ውስጥ የቆምኩበት ሰዓት ነው። በመጋቢት 2012 ደግሞ ለአንድ ሙሉ ኮርስ የነበረን ጊዜ ጥቂት ቀን ነበር።