ፍሮዝን ሽሪምፕ በመሃል አዲስ አበባ ማዕድ ቤት

ሽሪምፕና ሌሎች ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳት አዲስ አበባ የሚገቡት ባብዛኛው በረዶ ሆነው ነው። ቦሌ አካባቢ ባሉ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ፍሪዘር ውስጥ በከረጢት ይገኛሉ። አገራችን የቀይ ባሕር ወደቦቿን ካጣች ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ምግብ የግድ ከውጭ ይመጣል።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ቤት ሽሪምፕ በልማድ አይበላም። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ እንስሳ ይከለክላል። ከእስልምና ሊቃውንት አብዛኞቹ ይፈቅዱታል፤ ከእስልምና የሕግ አስተምህሮዎች አንዱ በሆነው በሐነፊ መዝሀብ ግን ክርክር አለ።

ዋናው ጉዳይ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ቤት መድረሱ ነው። ከረጢቱን ነቅነቅ አድርጉት። ፍሬ በፍሬ በረዶ የሆነ ሽሪምፕ ይንኳኳል። አንድ ላይ ተጣብቆ ድንጋይ ከሆነ መንገድ ላይ ቀልጦ ዳግም በረዶ ሳይሆን አልቀረም። እንዲህ ያለውን ተዉት። ፍሪዘር 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መያዝ አለበት። መብራት ሲጠፋ በሩን አትክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው ደግሞ 24 ሰዓት ያህል ያቆያል።

በረዶውን ለማስለቀቅ ማታ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ከሁሉ ይሻላል። ከቸኮላችሁ በታሰረ ላስቲክ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ሙቅ ውኃ ውጩን አብስሎ ውስጡን በረዶ ይተወዋል። ጠረጴዛ ላይ መተው ደግሞ ለባክቴሪያ መንገድ መክፈት ነው። ከዚያ ጀርባውን ሰንጥቃችሁ ጥቁሩን አንጀት አውጡ፤ አሸዋ ሊኖርበት ይችላል። በደንብ አድርቁት፤ እርጥብ ከሆነ መጥበሱ ቀርቶ ይቀቀላል።

ግራጫው ጥሬ ነው። ሮዝ ሆኖ የተሸጠው ባብዛኛው ቀድሞ የበሰለ ነው፤ የበሰለ ከሆነ መሞቅ ብቻ ይበቃዋል።

አበሳሰሉ ላይ የአዲስ አበባ ሰው እጅ ያምራል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቲማቲም ቁሌቱ ቀድሞ ይብሰል። አዋዜው ይከተል። ሽሪምፑ መጨረሻ ላይ ይግባ። ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ሮዝ ሆኖ ጎበጥ ሲል አውጡት፤ ጥምልል ካለ ደርቋል። ቃሪያና ሎሚ ከእሳት ከወረደ በኋላ። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የሚቀቅል ሰው ከውጭ አገር አሠራር ትንሽ ጊዜ ይጨምር።

ለዛጎል ለበስ እንስሳት አለርጂ ያለበት ሰው ሲበስል በሚወጣው እንፋሎት እንኳ ሊታመም ስለሚችል እንግዳን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የተላጠው ዛጎል አይጣል። ከሽንኩርት ጋር 20 ደቂቃ ያህል ቀቅላችሁ አጥልሉት፤ ለሩዝ ጥሩ መረቅ ይወጣዋል።