ፊዚክ መጽሔት ምንድን ነው? ሰምና ወርቅስ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ 1950ዎቹ የአሜሪካ ፊዚክ መጽሔቶች፣ ማለትም ጡንቻማ ወንዶችን በፎቶ ስለሚያሳዩ ትንንሽ መጽሔቶች ሲያስረዳ «ነገሩ ሰምና ወርቅ ነው፤ ሰሙ ስፖርት፣ ወርቁ ጌይነት» አለ። እንዲህ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። የአሁኑ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ሥራዬ የቆዩ መጽሔቶችን መመዝገብ ነው፤ እነዚህንም ገጽ በገጽ ገልጬ አይቻቸዋለሁ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቅኔ ሲፈታ ሰሙ ይቀልጣል፤ የሚፈለገው ወርቁ ነው። በሰውዬው አባባል ጡንቻው ቀልጦ የሚጣል ነገር ነው ማለት ነው። ከወዲያ በኩል ደግሞ «መጽሔቶቹ ንጹህ የስፖርት ነበሩ፤ ጌዮች ናቸው በኋላ የጠለፏቸው» የሚል አለ። ለሁለቱም አልገባቸውም።

ለእኔ ነገሩ የጎረቤት ቡና ይመስለኛል። «ኑ ቡና ጠጡ» ሲባል ቡናው ማስመሰያ አይደለም። ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ እስከ በረካ ይጠጣል። ለቡናው ብቻ ብሎ የመጣ ግን የለም። ቡናው ከሌለ ሰው አይሰበሰብም፤ ሰው ከሌለም ቡናው አይፈላም። ከዚህ ውስጥ የቱ ሰም፣ የቱ ወርቅ ይባላል?

ቦብ ማይዘር የሚባል የሎስ አንጀለስ ፎቶ አንሺ በ1945 አትሌቲክ ሞዴል ጊልድ የተባለ ስቱዲዮ ከፈተ። የሚሠራው እናቱ ክፍል እያከራዩ በሚኖሩበት ቤት ነበር። ጡንቻቸው የዳበረ ወንዶችን ፎቶ ያነሳና በፖስታ ይሸጣል። ማስታወቂያውን የሚያወጣው በተለመዱት የጡንቻ መጽሔቶች ላይ ነው። ፖስታ ቤቱ እነዚያን መጽሔቶች ሲጫናቸው ግን ማስታወቂያውን መቀበል አቆሙ። እሱ ራሱም በ1947 ፀያፍ ፎቶ በፖስታ ልከሃል ተብሎ ተፈርዶበታል። በ1951 የራሱን መጽሔት ጀመረ፤ ፊዚክ ፒክቶሪያል የምንለውን።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። መጽሔቱ ሲወለድ የፎቶ ካታሎግ ነው። የተሠራው ፎቶውን ለሚገዙ ሰዎች ነው፤ ገዢዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ጌይ ወንዶች ነበሩ። ታዲያ ማን ከማን ጠለፈ? ቡናውን ያፈላውም የተጠራውም አንድ ሰፈር ነው።

መልኩን ላሳያችሁ። የደብዳቤ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ የሚያክል፣ ኮት ኪስ የሚገባ ነው። ፎቶዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። አንዱ ወንድ እንደ ግሪክ ሐውልት ቆሟል፣ ሌላው የካውቦይ ባርኔጣ አድርጓል፣ ሌላው የመርከበኛ ቆብ ደፍቷል። ከፊት ብቻ የምትሸፍነውን ቁራጭ ጨርቅ የሚሰፉት የማይዘር እናት ነበሩ። ከፎቶው ጎን ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ ስለ ሞዴሉ ትንሽ ይልና ማይዘር ስለ ሳንሱር ወደሚያሰማው ቁጣ ይሻገራል። በ1957 ደግሞ የአንድ ፊንላንዳዊ ሰዓሊ፣ የቱኮ ላክሶነን ሥዕል ሽፋኑ ላይ ወጣ። ዓለም ቶም ኦፍ ፊንላንድ ብሎ ያወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ «ማንም አላወቀባቸውም» የሚለው ነው። ሰምና ወርቅ ያለው ሰውዬ ይህንንም ጨምሮበታል። አውቀውባቸዋል! በ1960 ማሳቹሴትስ ውስጥ በስሚዝ ኮሌጅ ያስተምሩ የነበሩት የኒውተን አርቪን ቤት ተፈተሸ። አርቪን የታወቁ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ነበሩ፤ በ1951 ናሽናል ቡክ አዋርድ ተሸልመዋል። የተገኘባቸው እንዲህ ያለ ፎቶና መጽሔት ነው። ተከሰሱ፣ ተፈረደባቸው፣ ከመምህርነታቸውም እንዲወጡ ተደረገ። በ1963 አረፉ። ስፖርት ብቻ ነው ተብሎ በሚታመን መጽሔት ሰው እንጀራውን አያጣም።

በዚያው በ1960፣ በመጋቢት፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ላይ ፖስታ ቤቱ 405 ቅጂ ያዘ። ማኑዋል፣ ትሪም እና ግሪሽያን ጊልድ ፒክቶሪያል የተባሉ መጽሔቶች ነበሩ። አሳታሚው ሊን ዎማክ ቀድሞ የፍልስፍና መምህር ነበር። ዝም አላለም፤ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰው። በሰኔ 1962 ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ተፈረደለት።

ከፈረዱለት አንዱ፣ ዳኛ ሃርላን፣ መጽሔቶቹን አልወደዷቸውም። ደስ የማይሉና ርካሽ እንደሆኑ ጽፈዋል። አንባቢዎቻቸውም ከሞላ ጎደል ጌይ ወንዶች ናቸው ብለው ነው የተነሱት። ቢሆንም ማኅበረሰቡ ከሚያልፋቸው የራቁት ሴት ፎቶዎች የባሱ አይደሉም፣ ስለዚህ ሊታገዱ አይገባም አሉ። በአገሩ ትልቁ ችሎት ፊት እንዲህ በግልጽ የተነገረ ነገር ምኑ ቅኔ ይሆናል?

ይህን ሳልል ግን አላልፍም። የሃርላን ጽሑፍ የችሎቱ አብላጫ ድምፅ አይደለም፤ አብረዋቸው የቆሙት አንድ ዳኛ ብቻ ናቸው። ሦስቱ በውጤቱ የተስማሙት የፖስታ ኃላፊው እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም ብለው ነው። «ፍርድ ቤቱ እንዲህ አለ» ከማለታችሁ በፊት ይህን ያዙልኝ። የኅትመት ብዛትንም ከአንባቢ ብዛት ጋር አታምታቱ። አሳታሚ ገበያው እንዲደምቅለት ቁጥር ይጨምራል፤ አንባቢ ደግሞ ለጓደኛው ያውሳል። ሰው ሲሞት ዘመድ ሰብስቦ የሚያቃጥለውም አለ። እኛ ዘንድ የደረሰው ከዚያ የተረፈው ነው።

የቡናው ምሳሌ የሚያነክስበት ቦታ አለ። ቡና ላይ ማን እንደመጣ ዓይንህ ያያል። የፊዚክ መጽሔት አንባቢ ግን በሩን ዘግቶ፣ ብቻውን ነው። ሌላው ስኒ ሲያነሳ አያይም። ሆኖም አዲሱ እትም ሲደርሰው አንድ ሰው አንስቶታል፣ አንድ ሰው አትሞታል፣ የሚገዛም ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። በትንሽ ከተማ ተደብቆ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው። ያንን ፖስታ ሲከፍት ምን እንደሚሰማው ሳስብ ሥራዬን አቆማለሁ።

ፊዚክ የሚለው ቃል እስከ የት ይሄዳል? በ1967 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሎይድ ስፒናርና ኮንራድ ጀርሜይን የሚባሉ አሳታሚዎች በ29 ክስ ችሎት ቀርበው ነፃ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያች ቁራጭ ጨርቅ ወለቀች። ሙሉ ራቁት የሚያሳዩ መጽሔቶች ገበያውን ያዙ፤ ግሪኩም ካውቦዩም እየቀረ ሄደ። እነዚያን ፊዚክ አትበሏቸው። ሌላ ዘመን፣ ሌላ ዓይነት መጽሔት ናቸው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ከ1962 በፊት የታተመ አንድ ትንሽ መጽሔት አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የፎቶ ማዘዣ ቅጽ ነበረ፤ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። ቀጥ ያለ፣ ያልተቸኮለ አቆራረጥ ነው። በገጹ ጀርባ ያለው ሞዴል ከጉልበቱ በታች የለም። በእኛ ደንብ «ገጽ ጎድሎታል» ተብሎ ይመዘገባል፤ ሙሉ ቅጂ ሲገኝም ይተካል። ሙሉው ባለፈው ወር ተገኘ። ሁለቱንም አስቀመጥኳቸው፤ የተቆረጠውን ከፊት።